ቃጫና ፕላስቲክ፦ የአንባቢያን ጥያቄና የባለሙያዎቻችን መልስ

በዚህ እትም ከዱር ተክሎች በሚወጣ ቃጫ ፕላስቲክን ስለማጠንከር ከደረሱን ጥያቄዎች የተወሰኑትን መርጠናል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች የትኛው ተክል እንደሚሻል ማወቅ ይፈልጋሉ። በእኛ እምነት ግን ሥራውን የሚያበላሸውም የሚያሳምረውም ከተክሉ ዓይነት ይልቅ ቃጫው ውስጥ የቀረው ውሃና ቃጫው ከፕላስቲኩ ጋር የተያያዘበት መንገድ ነው። ስለዚህ እነዚህ ሁለቱ ላይ ሰፋ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ በፕሬስ (እያሞቀ በሚጫን ማሽን) የምሠራው ሰሌዳ መሃሉ አረፋ እየሞላው፣ መልኩም ቡናማ እየሆነ ተቸገርኩ። ቃጫውን ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ አሰጥቼዋለሁ፤ ሲነኩት ደረቅ ነው። የምጠቀመው ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ ሲሆን የፕሬሱ ሙቀት 210 ዲግሪ ነው።

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። አረፋው የመጣው ከውሃ ነው፤ ቡናማው መልክ ደግሞ ከሙቀት።

በእጅ ሲዳሰስ ደረቅ የሚመስል የተክል ቃጫ እንደ አየሩ እርጥበት ከክብደቱ ከ8 እስከ 12 በመቶ የሚደርስ ውሃ ይይዛል። ውሃው የቃጫው ዋና ክፍል ከሆነው ከሴሉሎስ ጋር ተጣብቆ የሚኖር ስለሆነ ፀሐይ ላይ ማስጣት አይበቃም፤ አየሩ እርጥበት እስካለው ድረስ ቃጫው የተወሰነውን መልሶ ይስባል። እስቲ እናስላው። 90 ግራም እንዲህ ያለ ቃጫ ቢያስገቡ 9 ግራም ያህል ውሃ አብሮ ይገባል። ይህ ውሃ በ180 ዲግሪ ሴልሺየስና በተለመደው የአየር ግፊት ቢለካ ከ18 ሊትር በላይ እንፋሎት ይወጣዋል። ፕሬሱ ተጭኖት ሳለ እንፋሎቱ ታፍኖ ይቆያል። ፕሬሱ ሲከፈት ግን ገና ያልጠነከረውን ፕላስቲክ ያሳብጠዋል። ጠርዝ ላይ ያለው እንፋሎት ማምለጫ ስለሚያገኝ አረፋው የሚበዛው መሃል ላይ ነው።

መፍትሔው ኦቨን ነው። ቃጫውን በሽቦ ወንፊት ላይ ሳሳ አድርገው ይበትኑትና በ105 ዲግሪ ለ4 ሰዓት ያድርቁት። ኦቨንዎ ያን ያህል የማይሞቅ ከሆነ በ80 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ያቆዩት። መድረቁን የሚነግርዎ ሚዛን ነው፤ በእጅ አይታወቅም። አንድ እፍኝ ይመዝኑ፣ ለአንድ ሰዓት መልሰው ኦቨን ውስጥ ያስገቡ፣ እንደገና ይመዝኑ። ልዩነቱ ከ0.5 በመቶ በታች ከሆነ ደርቋል። ከኦቨን የወጣ ቃጫ በደቂቃዎች ውስጥ እርጥበት መሳብ ይጀምራል፤ ስለዚህ ወይ በቀጥታ ወደ ፕሬሱ ይሂድ፣ ወይ እንደሞቀ አየር በማያስገባ ዕቃ ይታሸግ። ማታ አድርቆ፣ ሌሊቱን ክፍት አሳድሮ፣ ጠዋት የሚጭን ሰው ኦቨኑን በከንቱ ነው ያበራው።

ወደ ቡናማው መልክ ስንመጣ፣ 210 ዲግሪ ለቃጫው በጣም ብዙ ነው። ከቃጫው ክፍሎች ለሙቀት ቀድሞ እጅ የሚሰጠው ሄሚሴሉሎስ ሲሆን ከ200 ዲግሪ በላይ መፍረስ ይጀምራል። ሲፈርስ ከሚወጡት ጋዞች አንዱ አሴቲክ አሲድ ነው፤ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ሽታ ከፕሬሱ ከመጣ ቃጫው እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። የጠቆረ ቃጫ ደግሞ ጥንካሬውን አጥቷል፤ ጉዳቱ በመልክ ብቻ አያበቃም። ፖሊፕሮፒሊን ከ160 እስከ 165 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፤ ስለዚህ ፕሬሱን 180 ላይ ያድርጉት። 190 ካለፉ የሚቆይበትን ደቂቃ መቀነስ ይኖርብዎታል። የፕሬሱ መለኪያ የሚያሳየው ቁጥርና የብረት ገጹ ትክክለኛ ሙቀት ብዙ ጊዜ ስለማይገጥሙ ገጹን ራሱን በቴርሞካፕል (በሽቦ ጫፍ ሙቀት በሚለካ መሣሪያ) ይለኩ።

ጥያቄ፦ ከዱር ተክሎች የትኞቹ ይሆናሉ? ቃጫውስ እንዴት ይወጣል?

መልስ፦ በሦስት ከፍለን ብናያቸው ይቀላል።

የመጀመሪያው የልጥ ቃጫ ነው፤ ከግንዱ ቆዳ ሥር የሚገኘው። እንደ ሳማ ያሉ ተክሎች ቃጫቸው ቀጭን፣ ረጅምና ጠንካራ ስለሆነ ከተልባ ቃጫ ጋር የሚወዳደር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመንና ኦስትሪያ ጥጥ ሲያጥራቸው የወታደር ልብስ ከሳማ ቃጫ ሠርተዋል። ሁለተኛው እንደ ሲሳልና ዘመዶቹ ካሉ ወፍራም ቅጠል ካላቸው ተክሎች የሚወጣው የቅጠል ቃጫ ነው። ሻካራና ግትር ነው፣ ለማውጣት ግን ቀላል። ሦስተኛው ሣርና ቄጠማ ነው። ለምሳሌ የፊላ ቅጠል አብዛኛው አካሉ ስፖንጅ የመሰለ ስለሆነ ንጹህ ቃጫ ለማውጣት መድከም አያዋጣም፤ ደርቆና ተፈጭቶ እንደ መሙያ ቢገባ ይሻላል።

ያላወቁትን ተክል ለመፈተን ልጡን ልጠው፣ የውጭውን ቅርፊት ፍቀው ያድርቁት። ከዚያ ጥቂት ቃጫ ለይተው በጣትዎ ላይ አጥብቀው ይጠምጥሙት። ከተሰበረ ይተዉት። ካልተሰበረና ሲስቡት የሚጎተት ከሆነ መሞከር ይገባዋል።

ሳማ አበባውን ጨርሶ ግንዱ ሲጠነክር ይታጨዳል። ሥሩ ሳይነካ ከተቆረጠ መልሶ ያቆጠቁጣል። ከቆመ ዛፍ ልጥ ዙሪያውን መግፈፍ ግን ዛፉን መግደል ነው፤ ይህን በምንም ምክንያት አንመክርም። ቁጥቋጦ ከሆነ ቅርንጫፉን ይቁረጡና ከተቆረጠው ላይ ይላጡ።

ግንዱን በገንዳ ውሃ ውስጥ ከ7 እስከ 14 ቀን ይዘፍዝፉት። ባክቴሪያዎች ቃጫውን ከእንጨቱ ጋር ያጣበቀውን ፔክቲን ይበሉታል። ከ5ኛው ቀን ጀምሮ በየዕለቱ አንድ ግንድ እያወጡ ይሰብሩ፤ ቃጫው ከእንጨቱ ላይ ሳይበጠስ ተንሸራቶ ሲወጣ ደርሷል። ከዚያ በላይ የቆየ ቃጫ ይገረጣል፣ ይሸታል፣ በትንሽ ጉልበትም ይበጠሳል፤ ባክቴሪያው ፔክቲኑን ጨርሶ ወደ ራሱ ቃጫ ስለሚዞር ነው። ዝፍዝፉን ወንዝ ውስጥ አያድርጉ፣ ውሃውንም ወደ ወንዝ አይድፉት፤ የሚበሰብሰው ነገር በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ስለሚጨርስ ዓሣ ይሞታል። አቅጥነው አፈር ላይ ማፍሰስ ይሻላል።

የሲሳል ቅጠል መዘፍዘፍ አያስፈልገውም፤ ወዲያው እንደተቆረጠ ተቀጥቅጦ ይፋቃል። ከ100 ኪሎ እርጥብ ቅጠል የሚገኘው ደረቅ ቃጫ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ብቻ ስለሆነ ቅጠሉን ሩቅ ከማጓጓዝ እዚያው መፋቅ ይመረጣል። ጭማቂው ቆዳ ያሳክካል፤ ጓንት ያድርጉ።

አንድ ነገር እንጨምር። የዱር ቃጫ እንደ እርሻ ሰብል አንድ ወጥ አይደለም። ጥላ ውስጥ የበቀለውና ፀሐይ ላይ የበቀለው፣ ለጋውና ያረጀው ይለያያሉ። ከብዙ ቦታ የተሰበሰበውን ቆርጦ በአንድ ላይ ማደባለቅ ሰሌዳዎቹ እርስ በርስ እንዲመሳሰሉ ያደርጋል።

ጥያቄ፦ ሰሌዳው ሲሰበር ቃጫዎቹ ሳይበጠሱ ከፕላስቲኩ ተመዘው ይወጣሉ። ኮስቲክ ሶዳ ይፈታዋል ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ በከፊል። ስብራቱን በማጉያ መነጽር ስላዩት ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው የተመለከቱት። ተመዞ የወጣው ቃጫ ንጹህና ልሙጥ ከሆነ፣ ከአጠገቡም ክብ ክብ ባዶ ቀዳዳ ከታየ ፕላስቲኩ ቃጫውን አልያዘውም። ቃጫው ከስብራቱ ገጽ ጋር እኩል ተበጥሶ፣ ላዩ ላይ የፕላስቲክ ቁራጭ ተጣብቆበት ከታየ ግን መያያዙ ጥሩ ነው።

የማይያያዙት ሴሉሎስ ውሃ ወዳድ፣ ፖሊፕሮፒሊንና ፖሊኢቲሊን ደግሞ ውሃ ጠል ስለሆኑ ነው። ኮስቲክ ሶዳ የቃጫውን ሰምና ከሄሚሴሉሎሱ የተወሰነውን አጥቦ ገጹን ሻካራ ያደርገዋል፤ ፕላስቲኩም የሚቆናጠጥበት ያገኛል። ይሁን እንጂ ውሃ ወዳዱን ከውሃ ጠሉ ጋር አያስማማም። ያን የሚሠራው ማያያዣ ነው፦ ማሌይክ አንሃይድራይድ የተተከለበት ፖሊፕሮፒሊን። የአንሃይድራይዱ ጫፍ ከሴሉሎሱ ጋር ኬሚካላዊ ትስስር ይፈጥራል፤ ረጅሙ የፖሊፕሮፒሊን ሰንሰለት ደግሞ ከዋናው ፕላስቲክ ጋር ይጠላለፋል። መጠኑ ከጠቅላላው ክብደት ከ2 እስከ 5 በመቶ ነው። ከዚያ በላይ መጨመር አይጠቅምም፤ ማያያዣው ሰንሰለቱ ከዋናው ፕላስቲክ ስለሚያጥር ሲበዛ ሰሌዳውን ያደክመዋል። ፕላስቲክዎ ፖሊኢቲሊን ከሆነ የፖሊኢቲሊኑን ዓይነት ማያያዣ ይፈልጉ፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም።

ከሁለቱ አንዱን ብቻ ማድረግ ከቻሉ ማያያዣውን ይምረጡ። ሰሌዳው የሚስበውን ውሃም ስለሚቀንስ ጥቅሙ ድርብ ነው።

በሶዳ ማጠብ ከፈለጉ፣ 50 ግራም ኮስቲክ ሶዳ በውሃ አሟሙተው 1 ሊትር ይሙሉት፤ ይህ 5 በመቶ ይሆናል። ለ100 ግራም ቃጫ 2 ሊትር ያስፈልጋል። ሁልጊዜ ሶዳውን ወደ ውሃው ይጨምሩ። ውሃውን ወደ ሶዳው ካፈሰሱ ድንገት ፈልቶ ይረጫል፤ ዓይንንም ያጠፋል። የዓይን መከላከያና የጎማ ጓንት ግድ ነው። ዕቃው የፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን፤ ሶዳው አሉሚኒየምን እየበላ ተቀጣጣይ የሆነውን ሃይድሮጅን ያወጣል። ቃጫውን በክፍል ሙቀት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይንከሩት። ውሃው እንደ ሻይ ይቀላል። አውጥተው በንጹህ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁ፣ 1 በመቶ አሴቲክ አሲድ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ያስገቡት፤ 5 በመቶ የሆነ ኮምጣጤ ካለዎት አንዱን እጅ በአራት እጅ ውሃ ያቅጥኑት። ከዚያ የፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ወረቀቱ 7 እስኪያሳይ ድረስ ያለቅልቁና ያድርቁ። ሶዳው ከበረታ ወይም ቃጫው ሲነከር ካደረ ሴሉሎሱ ራሱ ይጎዳል፤ ሲደርቅ ልፍስፍስ ብሎ የሚበጠስ ቃጫ የዚህ ምልክት ነው። የተረፈውን ሶዳ በኮምጣጤ ሳያስታግሱ አይድፉ።

ጥያቄ፦ 30 በ30 ሴንቲሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር የሆነ አንድ ሰሌዳ ለመሥራት ምን ያህል ቃጫ፣ ምን ያህል ፕላስቲክ ያስፈልጋል? ቅደም ተከተሉንም ብትነግሩኝ።

መልስ፦ ይዘቱ 270 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው። የቃጫው እፍጋት ወደ 1.45፣ የፖሊፕሮፒሊኑ ወደ 0.905 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ስለሆነ 30 በመቶ ቃጫ ያለው ሰሌዳ እፍጋቱ 1.02 ገደማ ይመጣል። ጠቅላላ ክብደቱ 275 ግራም፦ ቃጫ 83 ግራም፣ ፖሊፕሮፒሊን 184 ግራም፣ ማያያዣ 8 ግራም። በጠርዝ ለሚፈሰው በሁሉም ላይ 5 በመቶ ይጨምሩ። የቃጫው ክብደት ከኦቨን እንደወጣ የተመዘነው ነው፤ እርጥቡን ከመዘኑ ሒሳቡ ይፋለሳል።

ቃጫውን ከ10 እስከ 30 ሚሊሜትር ቆርጠው በእጅ ያፍታቱት። ከቀጥታ ዘለላ ይልቅ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የተበተነ ይሁን፤ ዘለላው መሃል ፕላስቲክ አይገባም፣ ሰሌዳው የሚሰነጠቀውም በዚያው ነው። ማያያዣውን ከፖሊፕሮፒሊኑ ጋር በኤክስትሩደር (ፕላስቲክን አቅልጦ እየገፋ በሚያወጣ ማሽን) አቅልጦ መደባለቅ ከሁሉ ይሻላል። ኤክስትሩደር ከሌለዎት ሁለቱንም በዱቄት መልክ ያግኙና በደረቁ አዋህዱ።

የብረት ፍሬሙን በቴፍሎን ጨርቅ ላይ ያስቀምጡ። ፕላስቲኩን አምስት ቦታ፣ ቃጫውን አራት ቦታ ይክፈሉ። ከፕላስቲክ ጀምረው፣ እያፈራረቁ አንጥፈው በፕላስቲክ ይጨርሱ። ከላይና ከታች ያለው ንጣፍ እኩል ካልሆነ አንዱ ወገን ሲቀዘቅዝ ከሌላው የበለጠ ስለሚሰበሰብ ሰሌዳው ይንጋደዳል።

በ180 ዲግሪ፣ ሳይጫን ገጹን ብቻ አስነክተው 4 ደቂቃ ያሙቁት። ቀስ ብለው ይጫኑ፣ ሁለት ጊዜ ለቅጽበት ላላ አድርገው የታፈነውን አየርና እንፋሎት ያስወጡ። ከዚያ 2 ሜጋፓስካል ግፊት ላይ 5 ደቂቃ ያቆዩት፤ በዚህ ስፋት ላይ ወደ 18 ቶን ጭነት ማለት ነው። ማቀዝቀዝ ያለብዎት ግፊቱ ሳይነሳ ነው፤ ከ60 ዲግሪ በታች ሳይወርድ አይክፈቱት። ፖሊፕሮፒሊን ሲጠነክር ከ1 እስከ 2 በመቶ ይኮማተራል፣ ቃጫው ግን አይኮማተርም። ትኩሱን ያወጡት ሰሌዳ በዚህ ምክንያት ይጣመማል።

ጥያቄ፦ የተጣሉ የውሃ ጠርሙሶችን መጠቀም ይቻላል?

መልስ፦ ጠርሙሱን አይቻልም፣ ክዳኑን ይቻላል። ጠርሙሱ ፔት የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ለመቅለጥ 250 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል፣ እዚያ ሳይደርስ ቃጫው ይከስላል። ክዳኑ በአብዛኛው ፖሊኢቲሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ነው።

ከዕቃው ሥር ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ካለ ፖሊፕሮፒሊን፣ 2 ካለ ጠንካራው ፖሊኢቲሊን፣ 4 ካለ ለስላሳው ፖሊኢቲሊን ነው። ምልክቱ ከጠፋ ቁራጩን ውሃ ውስጥ ይጣሉት። ሦስቱም ይንሳፈፋሉ፤ ፔት፣ ፒቪሲና ፖሊስታይሪን ይሰምጣሉ። ፒቪሲ ሲሞቅ ሳንባ የሚያቃጥል የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ስለሚያወጣ ጨርሶ ወደ ፕሬሱ እንዳይገባ። ጠንካራው ፖሊኢቲሊን ከ125 እስከ 135 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ከ150 እስከ 165 ላይ ይሠራል፤ ለቃጫው ከፖሊፕሮፒሊን የበለጠ ይራራለታል። ፖሊፕሮፒሊንና ፖሊኢቲሊን ግን አይደባለቁ፤ አንድ የሆኑ ቢመስሉም ሲቀዘቅዙ ይለያያሉ፣ ሰሌዳውም በመለያያቸው ይሰነጠቃል። ዘይት የነካው ፕላስቲክ በሳሙና በደንብ ይታጠብ።

ጥያቄ፦ የቃጫውን መጠን 60 በመቶ ባደርሰው ፕላስቲኩ የበለጠ አይቀንስልኝም?

መልስ፦ በወረቀት ላይ አዎ። በዱቄት የደቀቀ እንጨት በኤክስትሩደር ሲሠራ እስከ 60 በመቶ ይገባል። በፕሬስና በረጅም ቃጫ ግን ከ40 በመቶ በላይ ፕላስቲኩ ሁሉንም ቃጫ ማዳረስ ያቅተዋል፤ ያልተሸፈኑት ቃጫዎች እርስ በርስ ተነካክተው ከጠርዝ እስከ መሃል ውሃ የሚሄድበት መስመር ይሆናሉ። በ20 ይጀምሩ፣ 30 ላይ ይርጉ። ቶሎ የተሰበረ ሰሌዳ ፕላስቲክ አላቆጠበም።

ጥያቄ፦ ኩባያና ሳህን ልሠራበት እችላለሁ?

መልስ፦ አይሞክሩት። ከምን ዕቃ እንደመጣ የማይታወቅ ፕላስቲክና ከተቆረጠ ጠርዝ ውሃ የሚስብ ቃጫ ለምግብ አይሆኑም፤ ሻጋታ ይይዛል።

ጥያቄ፦ ይህ ነገር በእርግጥ አካባቢን ይጠብቃል? ሲጣልስ ይበሰብሳል?

መልስ፦ በፖሊፕሮፒሊን ወይም በፖሊኢቲሊን የተሠራው አይበሰብስም። «ተፈጥሯዊ ቃጫ አለበት» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ይበሰብሳል ብሎ መሸጥ ገዢን ማታለል ነው።

ጥቅሙ ሌላ ነው። ከክብደቱ 30 በመቶው ከነዳጅ ዘይት ያልመጣ ይሆናል። ከፋይበርግላስ ጋር ሲተያይም ይቀላል፤ የብርጭቆ ቃጫ እፍጋት 2.5 ገደማ፣ የተክሉ 1.45 ነው። በተሽከርካሪ የውስጥ ልባስ ላይ ይህ የክብደት ልዩነት ነዳጅ ይቆጥባል። የብርጭቆ ቃጫ የማምረቻ ማሽንን ይበላል፣ ሲቃጠልም አመድ ሆኖ ይቀራል፤ የተክል ቃጫ ይህ የለበትም። በምት ጥንካሬ ግን ብርጭቆው ይበልጣል፤ ይህን መካድ አይገባም።

የሚቀልጥ ፕላስቲክ መምረጥ ከምንም በላይ ዋጋ አለው። በምሥራቅ ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1991 የተመረተችው ትራባንት መኪና አካሏ ከጥጥ ውዳቂና ከፌኖል ሙጫ የተሠራ ነበር። ጥጡ ተፈጥሯዊ ቢሆንም ሙጫው አንዴ ከጠነከረ ዳግም ስለማይቀልጥ ያረጁትን አካሎች ማስወገድ ትልቅ ራስ ምታት ሆነ። የፖሊፕሮፒሊን ሰሌዳ ግን ተፈጭቶ መልሶ ይሠራል። በእያንዳንዱ ዙር ቃጫው ስለሚያጥር ጥንካሬው ይቀንሳል፤ የተፈጨውን ከአዲስ ጋር እየቀላቀሉ መጠቀም ነው። የሚበሰብስ ከፈለጉ ከተክል ስኳር የሚሠራው ፒኤልኤ የተባለ ፕላስቲክ አለ፤ እሱም በቤት ጓሮ ሳይሆን ወደ 58 ዲግሪ በሚሞቅ የኢንዱስትሪ ኮምፖስት ውስጥ ነው የሚበሰብሰው። ፒኤልኤ በሚቀልጥበት ጊዜ ውሃ ካገኘ ሰንሰለቱ ስለሚቆራረጥ ቃጫውም ፕላስቲኩም ከሌላው በበለጠ ጥንቃቄ መድረቅ አለባቸው።

ጥያቄ፦ ሰሌዳውን ለውጭ አጥር ልጠቀምበት አስቤ ነበር። ዝናብና ፀሐይ ይችላል?

መልስ፦ በመጀመሪያ ይፈትኑት። 76 በ25 ሚሊሜትር የሆኑ ሦስት ቁራጮችን በ50 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ያድርቁ፣ ያቀዝቅዙ፣ እስከ መቶኛ ግራም በሚለይ ሚዛን ይመዝኑ። በ23 ዲግሪ ውሃ ለ24 ሰዓት ይንከሩ፣ በጨርቅ ጠርገው ወዲያው ይመዝኑ። የጨመረውን ክብደት ለደረቁ ክብደት አካፍለው በ100 ያባዙ። ንጹህ ፖሊፕሮፒሊን ከ0.1 በመቶ በታች ነው የሚስበው። የእርስዎ ቁራጭ ከ2 በመቶ በላይ ከሳበ እኛ ለውጭ አንመክረውም፤ ቃጫው እየረጠበና እየደረቀ፣ እያበጠና እየተሰበሰበ ራሱን ከፕላስቲኩ ያላቅቃል።

ውሃው በዋናነት የሚገባው በመጋዝ ከተቆረጠው ጠርዝና ከብሎን ቀዳዳ ነው፤ የቃጫዎቹ አፍ እዚያ ክፍት ይሆናል። ቀዳዳውን ብሎኑን ከማስገባትዎ በፊት በመሰርሰሪያ ይክፈቱ። ጠርዙንና ቀዳዳውን ያው ፕላስቲክ በጋለ ብረት ቀልጦ ይሸፍነው፤ ተራ ቀለም ፖሊፕሮፒሊን ላይ ስለማይጣበቅ ይላጣል።

ለፀሐይ ከ1 እስከ 2 በመቶ ካርቦን ብላክ (ጥቁር የካርቦን ዱቄት) ፕላስቲኩ ሲቀልጥ ይጨምሩ። ፀሐይ የቃጫውን ሊግኒን (ቃጫን እንጨታማ የሚያደርገውን ክፍል) እና የፖሊፕሮፒሊኑን ሰንሰለት ትሰባብራለች፤ ገጹ መጀመሪያ ይነጣል፣ ቀጥሎ ይሰነጣጠቃል፣ በስንጥቁም ዝናቡ ይገባል። ሰሌዳው አፈር እንዳይነካ ከመሬት ከፍ ብሎ ይሰካ።